ለልጁ የምትገቡት ቃል ከገንዘቡ ዕድሜ አይርዘም

ይድረስ በሕፃናትና በቤተሰብ ዙሪያ በሚሠሩ አገር በቀል ድርጅቶች ሥራ ለጀመራችሁና የራሳችሁን ድርጅት ለማቋቋም ለምታስቡ ወጣቶች፦

ፈቃድ ማውጣቱ እንደ ድሮው አይከብድም። በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት በቦርድ ለሚመራ ድርጅት ሁለት መሥራቾች ይበቃሉ። በሕፃናት መብት ላይ የሚሠራ ድርጅት ከውጭ የሚያገኘው ገቢ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ያግድ የነበረው የቀድሞው ሕግም ተሽሯል። የሚከብደው የጊዜ ጉዳይ ነው። አንድን ልጅ ከአንደኛ ክፍል ጀምራችሁ የስምንተኛ ክፍል ፈተና እስኪወስድ ለመደገፍ ስምንት ዓመት ያስፈልጋል። የለጋሽ ውል ግን አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ነው። ይህን ሳያሰላ የተነሣ ድርጅት ልጁን ሦስተኛ ወይም አራተኛ ክፍል ላይ ጥሎት ይሄዳል። እናትየው ደግሞ ድጋፉን ተማምና የነበራትን ሥራ ትታ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ በገንዘቡ ቤቱን አቁሙ፣ ማለትም ቤተሰቡ ራሱን እንዲችል አድርጉ፤ ቤቱ ልጁን ያሳድገዋል። ለሕፃናት ማሳደጊያ ገንዘብ መለመን እንደሚቀል አውቃለሁ፤ አልጋውም ልጆቹም በፎቶ ይታያሉ። ይሁን እንጂ ወላጅ ወይም አያት እያላቸው በድህነት ብቻ ማሳደጊያ የሚገቡ ልጆች ጥቂት አይደሉም። ከወላጆቻቸው ውጭ ለሚያድጉ ልጆች በ2001 ዓ.ም. የወጣው የአማራጭ ክብካቤ መመሪያም ማሳደጊያን የመጨረሻ አማራጭ ያደርገዋል። በ2010 ዓ.ም. የውጭ አገር ጉዲፈቻ ከቀረ ወዲህ ደግሞ ለእነዚህ ልጆች ቤተሰብ የሚገኘው እዚሁ አገር ውስጥ ነው። የክብር ዶክተር አበበች ጎበና በ1972 ዓ.ም. የጀመሩት ሥራ እንኳ ከማሳደጊያ ተነሥቶ ወደ ማኅበረሰብ ልማት የሰፋ ነው።

ቤት ማቆም ቅደም ተከተል አለው፤ ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ ሕክምናውን አስተካክሉ። ቤተሰቡ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መታወቂያ አለው? ከሌለው የምዝገባው ወቅት መቼ ነው? መክፈል ከማይችሉት ተርታ ቀበሌው ሊያስገባው ይችላል? ይህ ሳያልቅ መነሻ ካፒታል የሰጣችኋት እናት፣ አንድ ልጅ ታምሞ ሆስፒታል ሲገባ ገንዘቡ በሳምንት ውስጥ ያልቅባታል። ቀጥሎ ቁጠባው ይመጣል። ከ15 እስከ 20 ሴቶች ያሉበት የራስ አገዝ ቡድን ይቋቋም፤ በየሳምንቱ አቅማቸው የፈቀደውን፣ አምስትም አሥርም ብር ይሁን፣ ይቆጥቡ፤ እርስ በርሳቸውም ይበዳደሩ። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ከእናንተ ገንዘብ አይግባበት። ቶሎ ከገባበት ቡድኑ ገንዘቡን ለመካፈል ይሰበሰብና ከተካፈለ በኋላ ይበተናል። መነሻ ካፒታሉ የሚሰጠው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

እሱም ቢሆን ወረቀት ላይ ባማረ ዕቅድ ብቻ አይሰጥ። «እንጀራ ጋግራ ትሸጣለች» የሚለውን ዓረፍተ ነገር የማላይበት ፕሮፖዛል የለም ማለት ይቻላል። እስቲ ቤቷ ሄዳችሁ ጠይቁ። ተከራይ ናት? አከራዩ ምጣድ ይፈቅዳል? የግቢ ቆጣሪ በጋራ ከሆነ ብዙ አከራዮች አይፈቅዱም፤ ምጣዱም አልጋ ሥር ገብቶ ይቀራል። መብራት በሳምንት ስንት ቀን ይጠፋል? ጤፉን በኪሎ ነው የምትገዛው ወይስ በኩንታል? በኪሎ እየገዛች ሱቅ ለሚያቀርቡት መሸጥ ትርፍ የለውም፤ ካፒታሉ ቢያንስ የአንድ ኩንታል መግዣ መያዝ አለበት። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሳትጨርሱ ምጣድ አትግዙ።

ለዚህ ሁሉ ሰው ያስፈልጋል። ቤት ለቤት እየሄደ ቤተሰቦቹን የሚከታተለው ሠራተኛ፣ የሶሻል ወርከር፣ ቁጥር በግምት ሲጻፍ አያለሁ፤ «አንድ ሠራተኛ ለ100 ቤተሰብ» ይባላል። እስቲ እናስላው። በወር 22 የሥራ ቀን አለ። አራቱ ለስብሰባና ለሪፖርት፣ አራቱ ልጅ ይዞ ጤና ጣቢያ፣ ትምህርት ቤትና ወረዳ ለመመላለስ ይውላሉ። በቀሩት 14 ቀናት በቀን ሦስት ቤት ቢጎበኝ 42 ጉብኝት ይሆናል። ችግራቸው የከፋ 12 ቤቶችን በወር ሁለቴ ቢያይ 24 ጉብኝት ሄደ፤ በቀረው 18 ቤቶችን አንድ አንድ ጊዜ ያያል። በጠቅላላው 30 ቤተሰብ ማለት ነው። ለ120 ቤተሰብ አራት ሠራተኛ ጠይቁ፤ ለጋሹ በዛ ካላችሁ የቤተሰቡን ቁጥር ቀንሱ። ጥቃት የደረሰባቸው ልጆች ሲኖሩ ቁጥሩ ከዚህም ይወርዳል፤ በዓለም አቀፍ የሕፃናት ጥበቃ አሠራር አንድ ሠራተኛ በአንድ ጊዜ ከ25 በላይ ጉዳይ እንዳይዝ ይመከራል።

አሁን ወደ ገንዘቡ። አዋጁ አስተዳደራዊ ወጪ ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ያዛል። የሶሻል ወርከሩ ደመወዝና ወደ ቤቶቹ የሚሄድበት ትራንስፖርት የፕሮጀክት ወጪ ነው። የቢሮ ኪራይ፣ የኦዲት ክፍያና የአስተዳደር ሠራተኞች ደመወዝ አስተዳደራዊ ነው። ሒሳብ ክፍሉ ደመወዝን በሙሉ በአንድ አርዕስት ከመዘገበ ሳትበድሉ ጣሪያውን ያለፋችሁ ትመስላላችሁ። ስለዚህ መደቡን ከመጀመሪያው ወር ለዩት። በተቃራኒው ደግሞ ለጋሽ ለማስደሰት አስተዳደራዊ ወጪን ባዶ አድርገው የሚያቀርቡ አሉ። ይህ ስሕተት ነው፤ ኦዲተሩ መከፈሉ አይቀርም። አሠሪው የሚከፍለው 11 በመቶ ጡረታም ከደመወዙ መስመር እንዳይረሳ።

ገንዘቡ የሚገባበትንም ወቅት አስቡ። የለጋሹ በጀት ዓመት ከጥር ይጀምራል እንበል። ውሉና ከመንግሥት ቢሮው ጋር የሚደረገው የፕሮጀክት ስምምነት ተፈርሞ ገንዘቡ እስኪገባ ሚያዝያ ይደርሳል። ሦስት ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ) ተሰብስቦ፣ የግዥ ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ ተይዞ፣ ልክ ተወስዶ ተሰፍቶ የልጆቹ ዩኒፎርም ሰኔ ላይ ይታደላል። መስከረም ላይ ደግሞ ይጠባል። ፕሮፎርማውን ግንቦት ላይ ሰብስቡ፤ ልኩ ሐምሌ መጨረሻ ይወሰድ፤ ዕደላው በነሐሴ የመጨረሻ ሳምንት ይሁን። ሁለተኛው ዙር ክፍያ የሚለቀቀው የመጀመሪያው አብዛኛው በደረሰኝ ሲወራረድ ስለሆነ፣ ተሰብሳቢ ሒሳብ፣ ማለትም ለሥራ ወጥቶ ሠራተኛ እጅ ያለ ገንዘብ፣ በየወሩ ይወራረድ። አንድ ሰው ደረሰኝ ሳያመጣ በመቆየቱ ብቻ መቶ ልጅ ሊጠብቅ ይችላል።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ በዶላርና በዩሮ ውል የነበራቸው ድርጅቶች በብር ትርፍ አዩ፤ ዋጋውም አብሮ ናረ። እንዲህ ሲሆን በጀቱ እንዲከለስ ወዲያውኑ በጽሑፍ ጠይቁ፤ ዝም ካላችሁ ዓመቱ ሲዘጋ «ያልተሠራበት ገንዘብ» ተብሎ ተመላሽ ሊጠየቅ ይችላል። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ሲያግድ ደግሞ በዚያ ገንዘብ ብቻ የቆሙ ፕሮጀክቶች ባሉበት ቆሙ። በእኔ ግምት ከአንድ ለጋሽ የሚመጣ ገንዘብ ከ40 በመቶ ካለፈ ሌላ በር ማንኳኳት መጀመር አለባችሁ።

ያ በር ብዙ ጊዜ ቅርብ ነው። እድሩ የትኛው ቤት እንደተቸገረ ከእናንተ ቀድሞ ያውቃል፤ ከየአባሉ በወር ትንሽ ብር ቢጨመር ለጥቂት ልጆች ደብተር ይበቃል። ውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችንንም ለበዓል ከሚልኩት ጠቀም ያለ ስጦታ ይልቅ ትንሽም ቢሆን በየወሩ የማይቋረጥ ገንዘብ ጠይቋቸው፤ ደመወዝ የሚከፈለው በየወሩ ነውና። ለሁሉም ደረሰኝ ስጡ፤ በየሦስት ወሩም ምን እንደገባና ምን እንደወጣ በአንድ ገጽ አማርኛ ላኩላቸው።

ግን ልጆቹን ለዚህ ብላችሁ አታሳዩ። የልጅ ፊት፣ ስምና ትምህርት ቤት በአንድ ልጥፍ ላይ በፍጹም አይገናኙ። አሳዳጊው ቢፈርም እንኳ ልጁን ራሱን ጠይቁ። ባነር ሰቅሎ፣ ልጆችን አሰልፎ፣ ካሜራ ፊት ደብተር ማደል ይቅር፤ ከክፍል ጓደኞቻቸው ፊት ድሃነታቸውን ማወጅ ነው። እናትየው ቢሮ መጥታ ፈርማ ትውሰድ፤ ለኦዲትም ፊርማው ይበቃል።

ፕሮጀክቱ ሊዘጋ ስድስት ወር ሲቀረው ቤተሰቦቹን ሰብስባችሁ ቀኑን ንገሯቸው። ከዚያ የቤተሰቦቹን ፋይሎች ሦስት ቦታ ክፈሉ፦ ቤታቸው የቆመ፣ በቡድኑ ቁጠባ ሊቀጥሉ የሚችሉ፣ ያለ ድጋፍ የማይዘልቁ። የሦስተኞቹን ዝርዝር ለወረዳው ሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት በደብዳቤ አስረክቡ፤ የተረከበውን ባለሙያ ይዛችሁም እያንዳንዱ ቤት ድረስ ሄዳችሁ ከእናትየው ጋር አስተዋውቁ።