ባሕርይ ወይስ ባህሪ?

ጥያቄ፦ «ሐዋሳ ውስጥ ወጣቶችን መጽሐፍ ቅዱስ አስተምራለሁ። ባለፈው ባደልኩት ወረቀት ላይ ‹የእግዚአብሔርን ባህሪ መረዳት› የሚል ርዕስ ሰጥቼ ነበር። አንድ አባት ‹ሪ›ን በቀይ እስክሪብቶ ሰርዘው ‹ርይ› አደረጉብኝ። ልዩነቱ የፊደል ብቻ ነው ወይስ የትርጉምም? ልጅዎ።»

መልስ፦ «ልጅዎ» ስላልሽኝ አንቺ እላለሁ። እስክሪብቶው በእኔ እጅ ቢሆንም እዚያው ቦታ ላይ እሰርዝ ነበር። የፊደል ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ሰሞኑን ፍቅር ሐይቅ ወርጄ ነበር። ከሰዓት ላይ ነፋስ ተነሣ። ጀልባውን ወደ ዳር የሚጎትት ልጅ ሐይቁን እያሳየ «ጋሼ፣ ከሰዓት ሲሆን ባህሪው ይቀየራል» አለኝ። ልክ ነው። ጠዋት እንደ መስታወት የተኛው ውኃ ጀልባዎቹን ማላጋት ጀምሯል። ውኃነቱ ግን ጠዋትም ማታም ያው ነው። የተቀየረው ባህሪው ነው፤ ውኃነቱ ደግሞ ባሕርዩ ነው። ያ ልጅ ሳያውቀው ጥያቄሽን መለሰልሽ።

በዛሬው አማርኛ ባህሪ ማለት አመል ነው፣ ሁኔታ ነው። «ባህሪዋ አይገባኝም» እንላለን። «ልጁ ባህሪው ተበላሸ» እንላለን። የሚበላሽና የሚታረም ነገር ነው። በሚልክያስ ደግሞ «እኔ እግዚአብሔር አልለወጥም» ተብሎ ተጽፏል። ለማይለወጠው የሚለወጠውን ቃል መስጠት ያሳቅቀኛል። ነገረ ሥላሴ ላይ ስትደርሺ ደግሞ ይብሳል። «አንድ ባሕርይ፣ ሦስት አካል» የሚለውን «አንድ ባህሪ» ብለሽ አንብቢው። ሦስት ሰዎች አመላቸው ገጠመ ማለት መሰለ። «አካል» ራሱ እጅና እግር እያስታወሰ ወጣቶቹን ያስቸግራቸዋል፤ ሁለቱም ቃላት ከተንሸራተቱብሽ ምን ይዘሽ ታስተምሪያለሽ?

ወደ ሥሩ እንውረድ። ባሕርይ በግእዝ በመጀመሪያ ዕንቍ ነው፣ ከባሕር የሚወጣው። በማቴዎስ 13 ላይ ያለው ነጋዴ መልካም ዕንቍ ሲፈልግ፣ በግእዙ የሚፈልገው ባሕርይ ነው። በ16ኛው መቶ ዓመት በጋሞ ይኖር የነበረው መነኩሴ፣ ታሪክ ጸሐፊው አባ ባሕርይም፣ ስሙ ይኸው ዕንቍ ነው። ታዲያ ዕንቍ እንዴት ምንነት ሆነ? «የእግዚአብሔር ምንነት እንደ ባሕር ጥልቅና የማይመረመር ስለሆነ ነው» የሚሉ አሉ። ለስብከት ያምራል። ለቋንቋ ግን አይበቃም። እንዲያ ቢሆን ኖሮ የእሳት ባሕርይ፣ የድንጋይ ባሕርይ ባልተባለ ነበር። እኔ የምቀበለው ሌላውን ነው። በዐረብኛ ጀውሀር የሚባል ቃል አለ። ጀውሀር የከበረ ድንጋይ ነው፤ በፈላስፎቹና በነገረ መለኮት ሊቃውንቱ ዘንድ ደግሞ የአንድ ነገር ምንነት ነው። ብዙ መጻሕፍት ከዐረብኛ ወደ ግእዝ ሲተረጎሙ፣ የዕንቍ መጠሪያ የሆነው ባሕርይም ያንን ሁለተኛ ትርጉም ተሸከመ።

የሚከራከረኝ ሰው ጸሎተ ሃይማኖትን ሊያነሣብኝ ይችላል። በኒቅያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ325 የተወሰነው ቃል በግእዙ «ዘዕሩይ ምስለ አብ በመለኮቱ» (በመለኮቱ ከአብ ጋር የሚተካከል) ነው እንጂ «በባሕርዩ» አይልም። እውነት ነው፣ አይልም። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ግን ዕብራውያን 1፥3 «የባሕርዩ ምሳሌ» ይላል፤ 2ኛ ጴጥሮስ 1፥4 ደግሞ «ከመለኮት ባሕርይ ተካፋዮች» ይላል። አንቺና ወጣቶችሽ በእጃችሁ የያዛችሁት እሱን ነው።

አሁን ደስ የማይለኝን ልናገር። ይህ መንሸራተት አዲስ አይደለም። ጠባይ በግእዝ ጠባይዕ ነበር፤ ተፈጥሮ ማለት ነው፣ በሊቃውንቱ ክርክር ውስጥ ከባሕርይ ጎን የሚቆም ትልቅ ቃል። አማርኛ ተቀበለውና «ጠባየ ሸጋ»፣ «ጠባይህን አሳምር» አለበት። እኔም በየቀኑ እንዲያ እያልኩ ነው የምኖረው። ጠባይን አሳልፌ ሰጥቼ ባህሪን ስሕተት ነው ብል ፍርዴ አይቀናም። ስለዚህ ስሕተት ነው አልልም። አልወደውም ነው የምለው። «ባህሪያት» ሲሉማ ጆሮዬን ይቧጥጠኛል፤ ባሕርያት የሚለው ጨዋ ብዙ ቁጥር እያለ ምን አስቸኮለን? ነገር ግን ባጃጅ ውስጥ በሬዲዮ ስብከት ስሰማ ሰባኪው ባህሪያት ይላል፣ ሾፌሩም ይገባዋል፣ ከኋላ የተቀመጡት እናትም «አሜን» ይላሉ። ቃሉ ሥራውን ከሠራ እኔ ማን ነኝና አግደዋለሁ?

ስለዚህ ርዕሱ ላይ «ባሕርይ» ብለሽ ጻፊ፣ በሐመሩ ሐ፣ በሳድሱ ር፣ ይን አስከትለሽ። «የእርሱ» ለማለት ሲረባ ደግሞ «ባሕርዩ» በዪ እንጂ «ባህሪው» አትበዪ። ከሥር ትዕግሥቱን፣ ምሕረቱን፣ ቅድስናውን ስትዘረዝሪ «ባህሪያት» ብለሽ ብትገኚ ግን ቀዩን እስክሪብቶ አላነሣም።