ማን ቀነሰ? ማንን?

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ወደ ትንሽ ቤት ለመግባት ዕቃ እየሸከፍኩ ነበር። ልጄ የካርቶኑን ክምር አየችና «አባዬ፣ ዳውንሳይዝ እያደረግክ ነዋ!» አለችኝ፤ ቤትህን እያሳነስክ ነው ማለቷ ነው። እየሳቀች ነው ያለችው። እኔ ግን የያዝኩትን መጽሐፍ እንደያዝኩ ቀረሁ። እኔ ያንን ቃል የማውቀው በሌላ ቦታ ነው፤ በደብዳቤ ላይ። ብዙ ዓመት የሠራሁት በሠራተኛ አስተዳደር ክፍል ነው። ለሰዎች ሥራቸውን ማጣታቸውን የሚነግረውን ደብዳቤ የማረቅቀው እኔ ነበርኩ።

ሥራ ለምትጀምሩት ለእናንተ ስለዚህ ቃል ልጽፍላችሁ የወደድኩት ያን ቀን ነው። ገና ብዙ ጊዜ ትሰሙታላችሁ። አንዳንዴም ስለ እናንተ ይባላል።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። ይህ ስም የተለመደው ግን በመኪና ፋብሪካ በኩል ነው። በ1973 የነዳጅ ቀውስ መጣ (ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራው)። የአሜሪካ ትልልቅ መኪኖች ደግሞ ቤንዚን እንደ ውኃ የሚጠጡ ነበሩ። ስለዚህ አምራቾቹ መኪኖቻቸውን ማሳነስ ያዙ። ማሳነሱም ዳውንሳይዚንግ ተባለ። ጄኔራል ሞተርስ በ1977 ሞዴሎቹ ትልልቅ መኪኖቹን አሳጠራቸው፤ ከክብደታቸውም በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ አወረደ። የሚገርመው ግን ውስጣቸው አልጠበበም። እንዲያውም በአንዳንዶቹ ለራስና ለእግር የሚሆነው ቦታ ሰፋ። የቀነሰው ብረቱ ነው። የሰው መቀመጫ አልተነካም።

ይቺን ነገር ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

በ1980ዎቹ ቃሉ ከመኪናው ወደ መሥሪያ ቤቱ ተሻገረ። አሁን የሚያንሰው ብረት ሳይሆን የሰው ቁጥር ሆነ። ለአሥርት ዓመታት ሠራተኛ ባለማሰናበት ይታወቅ የነበረው አይቢኤም እንኳ በ1993 ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ የሥራ መደቦችን እንደሚቀንስ አስታወቀ። ደግሞ በነዚያው ዓመታት የኮምፒውተር ባለሙያዎች ይህንኑ ቃል ለሌላ ጉዳይ ይጠቀሙበት ነበር። ክፍል የሚሞላውን ትልቅ ማሽን ትቶ ሥራውን በትናንሽ ኮምፒውተሮች መሥራት እነሱ ዘንድ ዳውንሳይዚንግ ነው። አንድ ኮሪደር ላይ ሁለት ሰዎች ቃሉን ቢጠሩት አንዱ ስለ ማሽን፣ አንዱ ስለ ጎረቤቱ ወንበር ሊሆን ይችላል።

ዛሬም እንደዚያው ነው። ልጆቹ ሲያድጉ ሰፊውን ቤት ትቶ ወደ ጠባብ የሚገባ ሰው ዳውንሳይዝ አደረገ ይባላል። መኪና ሠሪዎች ትልቁን ሞተር በትንሽ ባለ ቱርቦ (አየር በግፊት በሚገባለት) ሞተር ሲተኩ ቃሉ ያው ነው። ወጪው የበዛበት ሰውም «ላይፌን ዳውንሳይዝ ላድርግ» ይላል። በነዚህ ሁሉ ውስጥ የሚቀንሰው ሰው የሚቀንሰው የራሱን ነገር ነው። ቤቱን፣ ሞተሩን፣ ወጪውን። መሥሪያ ቤት ውስጥ ግን ቀናሹ ሌላ፣ ተቀናሹ ሌላ። ቃሉ ያው ስለሆነ ልዩነቱ አይታይም። የመኪናና የቤት ንጽሕና ይዞ ወደ ስንብት ደብዳቤ ይገባል።

እዚህ ላይ አማርኛችን ይጠቅመናል። «ቀነሰ» ስትሉ አድራጊው ግሱ ውስጥ አለ። «ቀነሱኝ» ስትሉ ደግሞ ቀናሹም ተቀናሹም በአንዲት ቃል ተፋጠው ይቀመጣሉ። «ቅነሳ» ስትሉት ሁለቱም ይጠፋሉ። «ቅነሳ ተካሄደ።» ማን አካሄደው? እንደ ዝናብ ከሰማይ የወረደ ነው የሚመስለው። ስብሰባ ላይ ይህን ቃል ስትሰሙ በልባችሁ ወደ ግስ መልሱት። ማን ቀነሰ? ማንን? በምን መስፈርት? «ማሰናበት» ራሱስ ቢሆን! እንግዳ የሸኘን ያስመስላል እኮ።

ሌሎችም ዘመዶች አሉት። «ራይትሳይዚንግ» ልክ መጠን መያዝ ነው፤ ከሥራ የወጣው ሰው ትርፍ ነበር የሚል ስድብ ስላለበት እኔ አልወደውም። «ሪስትራክቸሪንግ» መዋቅር መቀየር ነው፤ ማንም ሳይቀነስ ሊካሄድ ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ግን እንደ ሽፋን ያገለግላል። «ሌይኦፍ» በጥንቱ አነጋገር ሥራ እስኪገኝ ለጊዜው ማሳረፍ ነበር። መባረር ግን ሌላ ነው። መባረር ከሰውዬው ጥፋት ወይም ድክመት ጋር የተያያዘ ነው፤ ቅነሳ ከመደቡ ጋር።

ይቺ የመጨረሻዋ ልዩነት የእንጀራ ጉዳይ ስለሆነች ልቆይባት። ለቃለ መጠይቅ የሚመጡ ወጣቶች «ከቀድሞ ሥራህ ለምን ወጣህ?» ሲባሉ አንገታቸውን ደፍተው «ተባርሬ ነው» ይላሉ። ትንሽ ስጠይቅ ክፍሉ በሙሉ ተዘግቶ ነው የወጡት! ባልሠሩት ጥፋት ራሳቸው ላይ ፈረዱ። እንዲህ በሉ፦ «የሥራ መደቡ ታጠፈ።» በቃ። አለቃ አታሙ፣ ሰበብ አትደርድሩ። የሥራ ልምድ ማስረጃ ስትቀበሉም ከመፈረማችሁ በፊት የወጣችሁበት ምክንያት እንዴት እንደተጻፈ አንብቡ። ስህተት ካለ እዚያው አስተካክሉ፤ ከስድስት ወር በኋላ የሚያስታውሳችሁ ሰው ላይኖር ይችላል። ደግሞ በተቃራኒው፣ በጥፋት የወጣ ሰው «ዳውንሳይዚንግ ነው» ቢል ስልክ ተደውሎ ይታወቃል። ያኔ ከጥፋቱ ይልቅ ውሸቱ ይጎዳዋል።

ቅነሳ ሁሉ ክፋት ነው አልላችሁም። ገቢው ወርዶ፣ ለሁለት ዓመት «ማንንም አንነካም» ሲል ቆይቶ በመጨረሻ ሁሉንም በትኖ የተዘጋ ድርጅት አይቻለሁ። ቀድሞ ጥቂት ሰው በክብር ሸኝቶ ቢሆን የቀሩት በዳኑ ነበር። ቅነሳን እንደ ጀብዱ የሚያዩት ናቸው የሚያስፈሩኝ። አሜሪካዊው አልበርት ደንላፕ ሠራተኛ በመቀነሱ ብዛት «ባለ መጋዙ አል» የሚል ቅጽል ስም ወጥቶለት ነበር። በ1996 ሰንቢም የተባለውን የቤት ዕቃ አምራች እንዲመራ ሲሾም የኩባንያው አክሲዮን በሹመቱ ዜና ብቻ ሽቅብ ዘለለ። እሱም ከ12 ሺህ ሠራተኞች ግማሹን እንደሚቀንስ አስታወቀ። በ1998 ቦርዱ ራሱን ደንላፕን አሰናበተው። በኋላ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት በሒሳብ ማጭበርበር ከሰሰው። በ2002 ክሱን ሳያምንም ሳይክድም 500 ሺህ ዶላር ለመክፈል ተስማማ፤ የአክሲዮን ኩባንያም እንዳይመራ ታገደ።

አሁን ወደ መኪናዋ ልመለስ። ብረቱ ሲቀንስ መቀመጫው አልጠበበም ብዬ ነበር። መሥሪያ ቤታችሁ ሲቀንስ የምታዩት ይህንን ነው። ሥራውም አብሮ ቀነሰ ወይ? አሥር ሰው ይሠራቸው የነበሩት አሥር ሪፖርቶች ካልቀነሱ፣ ስድስት ሰው ብቻ ተርፎ አሥሩም ሪፖርት ከተጠየቀ፣ የተቀነሰው ሰው ብቻ ነው። የቀሩት የሄዱትን ሸክም ተሸክመው ያመሻሉ። ደስ ሊላቸው ሲገባ ያዝናሉ፣ ያፍራሉ፣ ቀጣዩ ማን ይሆን እያሉ ይሰጋሉ። ከቀሪዎቹ አንዱ ብትሆኑ ለወጣው ባልደረባችሁ ደውሉ። ምን እንደምትሉ ግራ ቢገባችሁም ደውሉ። ብዙዎች አፍረው ሳይደውሉ ይቀራሉ፤ ያኛው ደግሞ ስልኩን ሲያይ ይውላል።

ይህን የማውቀው ስልኬን ሳይ ስለዋልኩ ነው። 51 ዓመቴ ላይ የእኔም መደብ ታጠፈ። ደብዳቤው ሲሰጠኝ የመጀመሪያውን መስመር አንብቤ የቀረውን በቃሌ ወጣሁት። ራሴ ያረቀቅኩት ቅጽ ነበር። ስሙና ቀኑ ብቻ ተቀይሯል። «ድርጅቱ ባካሄደው ዳውንሳይዚንግ ምክንያት» ይላል። ያንን ሐረግ ስጽፍ ሰው ላይ እንዳይከብድ አስቤ ነበር፤ እውነቴን ነው። ሲደርሰኝ ግን ማን ላይ እንደምናደድ እንኳ አጣሁ።

ዕቃ ስሸክፍ የቆዩ ወረቀቶች የያዘ ፋይል አገኘሁ። ውስጡ በመጀመሪያው ዙር ለአንዲት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ የሰጠሁት ደብዳቤ ግልባጭ አለ። ያን ቀን ተቀብላኝ ቁጭ ብላ አነበበች። ከዚያ ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን እርሳስ አነሳች። «ዳውንሳይዚንግ» ከሚለው ቃል ሥር አሰመረች፣ ጎኑ ላይ የጥያቄ ምልክት አደረገች፣ ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋችው። «የድርጅቱ ውሳኔ ነው» አልኳት። «እሱን አላልኩም፤ ማን ነው የወሰነው?» አለችኝ። እኔም ስም ዝርዝሩን ካዘጋጁት አንዱ ሆኜ ሳለ ዝም አልኳት።

ልጄ «ይሄ ይጣል?» ብላ ፋይሉን አነሳችው። ሌላውን ጣይው አልኳት። ያቺን አንዲት ወረቀት አጥፌ ኪሴ ከተትኩ።