ከቤዛዊት እስከ ጢስ ዓባይ በብስክሌት

ጥያቄ፦ እስካሁን ብስክሌት የምነዳው ለሥራ ብቻ ነው። አሁን ከጓደኛዬ ጋር ቅዳሜ ጠዋት ተራራና ወንዝ የሚታይበት መንገድ መንዳት አምሮናል። ከየት እንጀምር? (አንባቢ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ከቤዛዊት ጀምሩ! ከተማችን ሜዳ ስለሆነች እግራችሁ ዳገት አልለመደም ይሆናል፤ የቤዛዊት ዳገት አጭር ቢሆንም ይፈትናል፣ ስለዚህ ማርሹን ገና ከታች ሳላችሁ ቀንሱት፣ መሀል ላይ ደርሳችሁ ሰንሰለቱን አታስጨንቁት። ከላይ ዓባይ ከጣና ወጥቶ እየተጠማዘዘ ሲሄድ ታያላችሁ። የአፄ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥትም እዚያው ነው። ለእኔ ከዚህ የሚያምር እይታ በከተማዋ ዙሪያ የለም።

እግራችሁ ሲጠነክር ጢስ ዓባይ ሂዱ። መሄጃው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ደርሶ መልስ ሲሆን ግን ቀላል አይደለም፤ በማለዳ ውጡ፣ ውሃ በደንብ ያዙ፣ መለዋወጫ ከመነዳሪና ፓምፕም አትርሱ። ፏፏቴው የሚያምረው ክረምቱ ሲወጣ፣ መስከረም አካባቢ ነው። በበጋ ኃይል ማመንጫው ውሃውን ስለሚወስደው ይሳሳል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራውን የድንጋይ ድልድይ ግን በየትኛውም ወቅት እዩት፣ ብስክሌቱን እየገፋችሁ።

የጎንደሩ አስፋልትም አለ። በወረታ ዙሪያ የፎገራ ሩዝ ማሳ ደስ ይላል፣ ከአዲስ ዘመን በኋላ ግን ዳገቱ ለጀማሪ አይሆንም። የትኛውንም ብትመርጡ ከመውጣታችሁ በፊት የመንገዱን ሰላም ከሾፌሮች ጠይቁ፣ ሳይመሽም ግቡ።