ድንጋዩን ከማንሳታችሁ በፊት

ልጆቼ፣

ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም ስትሄዱ፣ ጎሐ ጽዮንን አልፋችሁ ወደ ዓባይ በረሃ መውረድ ስትጀምሩ እንዳትተኙ እለምናችኋለሁ። የመንገዱን ዳር ገደል እያያችሁ ውረዱ። ከላይ የምታገኙት ጥቁር ባዛልት ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እየፈሰሰ ደጋውን የሸፈነ የእሳተ ገሞራ ዐለት ነው። ዝቅ ስትሉ ነጣ ያለ የኖራ ድንጋይ ይመጣል። ጠጋ ብሎ ላየው ሰው በውስጡ የባሕር ዛጎል አለ። ከሱ በታች ጀሶ አለ፤ ጀሶ የሚቀረው ጥልቀት የሌለው ጨዋማ ውኃ በፀሐይ ሲተን ነው። ወደ ወንዙ ስትጠጉ ደግሞ ቀላ ያለ የአሸዋ ድንጋይ ይቀበላችኋል። ዛሬ ጤፍ የሚዘራበት አገር ዳይኖሰሮች በነበሩበት በጁራሲክ ዘመን ባሕር ነበር። ይህን ከሚመሰክሩልን ቦታዎች አንዱ ያ ገደል ነው።

እኔም ተማሪ ሳለሁ እዚያው ገደል ላይ አንዲት ዛጎል አገኘሁ። መስመሮቿ ሳይቀሩ የሚታዩ፣ በጣም የምታምር ነበረች። በመዶሻ ፈልፍዬ አወጣኋትና ኪሴ ከተትኳት። ማታ ለመምህሬ ሳሳያቸው የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ከየትኛው ንብርብር ነው ያወጣሃት?» መልስ አልነበረኝም። ዛጎሏን መለሱልኝና ወደ ሥራቸው ዞሩ። ያ ዝምታቸው ከብዙ ትምህርት በላይ ልቤ ውስጥ ቀርቷል።

ለምን እንደዚያ እንደጠየቁ ልንገራችሁ። ብዙ ሰው የቅሪተ አካል ዕድሜ ከራሱ ከአጥንቱ የሚለካ ይመስለዋል። አጥንቱን ራሱን ካርቦን 14 በሚባለው ዘዴ መለካት የሚቻለው እስከ 50 ሺህ ዓመት ገደማ ነው፤ ለድንቅነሽ ያ ምንም አይፈይድም። እ.ኤ.አ. በ1974 አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ ስትገኝ፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ መሆኗን የመሰከረላት በአካባቢዋ ያለው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። ከአመዱ ጋር ፌልድስፓር የሚባል ማዕድን ይወርዳል። በማዕድኑ ውስጥ ያለው ፖታሲየም 40 በጣም በዝግታ ይለወጣል፤ ግማሹ ለመለወጥ 1.25 ቢሊዮን ዓመት ይፈጅበታል፣ ከፊሉም አርጎን ጋዝ ይሆናል። ዐለቱ ቀልጦ ሳለ የቀድሞው አርጎን ስለሚያመልጥ ቆጠራው የሚጀምረው ከፍንዳታው ነው። እንግዲህ አጥንቱ ከአመዱ በላይ ይሁን በታች ካልታወቀ ያ ሁሉ ልኬት ከንቱ ነው።

በደቡብ ኢትዮጵያ ያለውን የኦሞ ኪቢሽን ታሪክ ደግሞ በተለይ እወደዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1967 የተገኙት የእኛው ዝርያ ሰዎች ቅሪቶች መጀመሪያ 130 ሺህ ዓመት ተባሉ፤ በ2005 ቁጥሩ 195 ሺህ ሆነ። ከአጥንቱ በላይ የተኛው ወፍራም አመድ ግን በጣም የላመ ስለነበር በቀጥታ ሊለካ አልቻለም። ተመራማሪዎቹ ተስፋ አልቆረጡም። የአመዱን ኬሚካላዊ ይዘት በስምጥ ሸለቆው ካሉ እሳተ ገሞራዎች አመድ ጋር እያስተያዩ ከሻላ እሳተ ገሞራ ፍንዳታ ጋር አንድ መሆኑን ደረሱበት። የሻላው ደግሞ ሊለካ የሚችል ማዕድን ነበረው፦ 233 ሺህ ዓመት ገደማ። አመዱ ከላይ ስለሆነ አጥንቱ ከዚያ ይበልጣል እንጂ አያንስም። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ታተመ። «ታዲያ የበፊቶቹ ተሳስተው ነበር?» እያላችሁ የምትጠይቁኝ አላችሁ። የበፊቶቹ አጥንቱ የት እንደነበረ በጥንቃቄ ባይመዘግቡ ኖሮ የኋለኞቹ ከ50 ዓመት በላይ ቆይተው ምን ይዘው ይሠሩ ነበር?

ስለዚህ መስክ ስትወጡ ከመዶሻው በፊት ደብተሩን አውጡ። ቦታውን በጂፒኤስ ያዙ፣ ከላይና ከታች ያለውን ንብርብር ሳሉ፣ መጠኑ እንዲታወቅ እስክሪብቶ አጠገቡ አስቀምጣችሁ ፎቶ አንሱ። ተማሪ ያልሆናችሁም፣ ከብት ስትጠብቁ ወይም መንገድ ሲቆፈር ድንጋይ የሆነ አጥንት ብታዩ አትነቅንቁት። ቦታውን ምልክት አድርጋችሁ በአቅራቢያችሁ ላለው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ንገሩ። የአፋር ልጆች ዓይን ከእኛ ዓይን ስንት ጊዜ እንደቀደመ አውቃለሁ።

ያቺ ዛጎል ዛሬም ጠረጴዛዬ ላይ ናት። ሌሎቹ ናሙናዎቼ ሁሉ ቁጥርና ቦታ ተጽፎባቸዋል። የእሷ ወረቀት ላይ ያለው «ዓባይ በረሃ» የሚል ብቻ ነው።