መጠጥ ለማቆም የሚረዳ ስብሰባ ከየት ላግኝ ላልሽው እህት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ብቻሽን ለማቆም ሞክረሽ አልሆነልሽም። እንዳንቺ ካሉ ሰዎች ጋር መገናኘት ትፈልጊያለሽ፣ ግን ከየት እንደሚጀመር አታውቂም። የሚያውቅሽ ሰው እንዳያይሽ ሰግተሻል፣ የሃይማኖት ነገር እንዳይበዛብሽም እንዲሁ። እኔም በዚሁ ያለፍኩ ነኝና ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

ከሁሉ በፊት ግን፣ በየቀኑ ብዙ የምትጠጪ ከሆነ በአንዴ ቀጥ አታድርጊው። መጀመሪያ ሐኪም አማክሪ። አልኮል የለመደ ሰውነት ሲቋረጥበት ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ እንቅልፍ ያጣል። አንዳንዱን ካቆመ በኋላ ባሉት 48 ሰዓታት ውስጥ እንደ ሚጥል በሽታ ያንዘፈዝፈዋል። ከዚያም አልፎ የሌለ ነገር የሚያይ፣ የሚቃዥ አለ። ይሄ ሰው ይገድላል። ስብሰባ ይህን አያክምም፣ ሐኪም ግን በመድኃኒት ያሳልፍሻል።

ወደ ፍለጋው ስንመጣ፣ በብዙ አገር በቀላሉ የሚገኘው ኤኤ ነው፤ ሙሉ ስሙ አልኮሆሊክስ አኖኒመስ። እ.ኤ.አ. በ1935 አሜሪካ ውስጥ አንድ የአክሲዮን ነጋዴና አንድ የቀዶ ሕክምና ሐኪም የጀመሩት ነው። ሁለቱም መጠጥ ያሸነፋቸው ነበሩ። ክፍያ የለውም። የሚጠየቀው መጠጥ የማቆም ፍላጎት ብቻ ነው። ሚቲንግ ጋይድ የሚባል ነጻ አፕ አላቸው፤ አጠገብሽ ያለውን ስብሰባ ከነሰዓቱ ያሳይሻል። በሁሉም አገር የተሟላ ስላልሆነ ካጣሽበት የአገሩን የኤኤ ድረ ገጽ ፈልጊና ስልካቸው ላይ ደውዪ። ብዙ ጊዜ የሚያነሳው ራሱ ጠጥቶ ያቆመ በጎ ፈቃደኛ ነው። ከመሄድሽ በፊትም ስብሰባው አሁንም እዚያው መኖሩን አረጋግጪ። ዝርዝር ሳይታደስ ይቀራል፣ የተዘጋ በር ማንኳኳት ደግሞ ለመጠጣት ጥሩ ሰበብ ነው።

ዝርዝሩ ላይ «ክፍት» እና «ዝግ» የሚል ታያለሽ። ክፍት ማለት ማንም መጥቶ ሊያዳምጥ ይችላል፣ ጓደኛሽን ይዘሽ መሄድም ትችያለሽ። ዝግ ማለት መጠጥ ለማቆም ለሚፈልጉ ብቻ። የሴቶች ብቻ የሆኑም አሉ። እኔ እንድቀጥል ያደረገኝ እንደዚያ ያለው ነው፤ ወንዶች ባሉበት አፌ አይፈታም ነበር።

ሰዓቱን ግን በደንብ አስቢበት። ቅርብ ስለሆነ ብቻ አትምረጪ። ብዙ ጊዜ የምትጠጪው ማታ ከሆነ የማታውን ፈልጊ። ያቺን ክፉ ሰዓት ሰው መሀል ተቀምጠሽ ካሳለፍሽ ግማሹ ሥራ ተሠራ ማለት ነው። ሌሊት ከሆነ የሚያስቸግርሽ በዙም፣ ማለትም በኢንተርኔት ቪዲዮ፣ የሚደረጉ አሉ፤ አንዱ አገር ሲተኛ ሌላው ስለሚነቃ በማንኛውም ሰዓት አይጠፋም።

መታየት ለፈራሽው ዙም ጥሩ መነሻ ነው። ካሜራሽን አጥፍተሽ፣ በሌላ ስም ገብተሽ ማዳመጥ ትችያለሽ። በአካል ከሄድሽም የሚያይሽ ሰው ያው በአንቺ ጉዳይ የመጣ ነው። የሰማነው እዚሁ ይቅር የሚል ደንብ አላቸው፣ አብዛኛው ሰውም ያከብረዋል። ግን ደንብ እንጂ ሕግ አይደለም። ስለ መሥሪያ ቤትሽ ወይም ፍርድ ቤት ስለሚያስኬድ ነገር በመጀመሪያው ቀን አትዘርግፊ። ተራ ሲደርስሽ «ዛሬ ላዳምጥ» ብትዪ ማንም አይቆጣም። የመዋጮ ቅርጫት ሲዞርም አትሸማቀቂ፣ ከአዲስ ሰው ገንዘብ አይጠበቅም።

ሃይማኖቱን በተመለከተ፣ ኤኤዎች መጠጥ ለማቆም የሚከተሏቸው 12 እርምጃዎች እግዚአብሔርን ያነሳሉ፤ «እኛ እንደተረዳነው» ይላሉ እንጂ የማን እምነት እንደሆነ አይወስኑም። ካልተመቸሽ ስማርት ሪከቨሪን ሞክሪ። እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ያለ ነው፤ የሥነ ልቦና ሕክምና ዘዴዎችን ይጠቀማል፣ የሠለጠነ አወያይም አለው። ኤኤ ላይ አንዱ ሲናገር ሌላው አብዛኛውን ጊዜ መልስ አይሰጥም፣ እዚህ ግን ጥያቄና መልስ አለ። እኔ ሁለቱንም እሄድ ነበር፤ የከለከለኝ የለም።

አንዱን አይተሽ «ይሄ ነገር ለእኔ አይሆንም» አትበዪ። ኤኤ ብትይ እንኳ አንዱ ቡድን ከሌላው በጣም ይለያል። እኔ የማየው ስብሰባው ካለቀ በኋላ ያለውን ነው። ሰው ቶሎ የማይበተን ከሆነ፣ የሚሳሳቁ ከሆነ፣ አንዷ መጥታ ስልኳን ከሰጠችሽ፣ እዚያ ተመለሺ። «የሐኪም መድኃኒትሽን ጣዪ» የሚል ሰው ካለ ግን አትስሚው፤ እሱ የማንም ሥልጣን አይደለም። አዲስ ሴት ስትመጣ «እኔ ልርዳሽ» እያለ የሚጠጋ ወንድ አይጠፋም። ኤኤ ላይ ቀደም ብሎ የቆየና አዲሱን የሚደግፍ ሰው ስፖንሰር ይባላል፤ ያንቺ ሴት ትሁን።

ትናንት ጠጥተሽ ቢሆን እንኳ ሂጂ። አገርሽቶባቸው የተመለሱ እዚያ ሞልተዋል፣ ማንም ጣት አይቀስርብሽም።

ባለቤትሽም ግራ እንደገባው ጽፈሽ ነበር። ለጠጪ ሰው ቤተሰቦች አል-አኖን የሚባል የራሳቸው ስብሰባ አለ፣ እ.ኤ.አ. ከ1951 ጀምሮ። አንቺ ባትሄጂ እንኳ እሱ ብቻውን መሄድ ይችላል። ከየት እንደሚጀምር ከቸገረው በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ።