ሃርት አታክ ካለፈ በኋላ ልብ ሲፈጥን፦ ጥያቄና መልስ

ሐዋሳ ውስጥ ድንገተኛ ክፍል የምሠራ ሐኪም ነኝ። ስለ ልብ ምት ጠይቁኝ ካልኩ ወዲህ ጥያቄው ጎርፏል። የሚደጋገሙትን መርጬ እነሆ።

አባቴ ሃርት አታክ ከያዘው ሦስት ሳምንት ሆነው። ማታ ማታ ልቡ 110 ይመታል። መድኃኒት ይቀየርለት?

ቁጥሩን ለማውረድ አይቸኩሉ። ትኩሳት፣ ሕመም፣ የደም ማነስ፣ ሳንባ ላይ የቋጠረ ውሃ፣ ሁሉም ልብን ያፈጥናሉ። ኢሲጂው (የልብን ኤሌክትሪክ ወረቀት ላይ የሚስለው ምርመራ) ምቱ ከተፈጥሮ ቦታው እንደሚነሳ ካሳየ መታከም ያለበት ምክንያቱ ነው። አስፕሪን ስለሚወስድና ይህም ጨጓራን ሊያደማ ስለሚችል፣ ሰገራው እንደ ሬንጅ ጠቁሮ እንደሆነ ይጠይቁት። አባቶች ካልተጠየቁ ይህን አይናገሩም። ደግሞ ልብ የሚያረጋጋውን መድኃኒት፣ ሜቶፕሮሎሉን፣ «ደከመኝ» ብሎ በራሱ አቁሞት እንዳይሆን።

ዶክተር፣ ጀማሪ ነርስ ነኝ። ምቱ ፈጣን፣ ኪውአርኤሱ (የታችኛው የልብ ክፍል ሲመታ ኢሲጂው ላይ የሚሳለው ሹል መስመር) ሰፊ ሲሆን ቪቲ (ከታችኛው የልብ ክፍል የሚነሳ አደገኛ ፈጣን ምት) መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ጎበዝ፣ ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው። ምቱ ከ100 በላይ፣ ኪውአርኤሱ ወረቀቱ ላይ ከ3 ትንንሽ ሳጥን የሰፋ፣ በሽተኛው ደግሞ ሃርት አታክ የነበረበት ከሆነ፣ ሌላ መሆኑ እስኪረጋገጥ ቪቲ ነው በይ። የሞተው የልብ ጡንቻ ጠባሳ ይሆናል። ኤሌክትሪኩ በጠባሳው ዙሪያ መዞር ይጀምርና መውጫ ያጣል።

«ተቀምጦ እያወራ ቪቲ ሊሆን አይችልም» የሚሉሽን አትስሚ። እኔም አንዴ ተሸውጃለሁ። ሰውየው ከባጃጅ ወርዶ በእግሩ ገባ፣ ውሃ ስጡኝ አለ። ምቱ 180፣ ግፊቱ 110። ምት የሚያዘገየውን ቬራፓሚል ልሰጠው መርፌውን ይዤ ሳለ ሲኒየሬ እጄን ያዘኝ። ቪቲ ላይ ቬራፓሚል ግፊቱን ገደል ሊከተው ይችላል። በምትኩ ምት የሚያስተካክለውን አሚዮዳሮን 150 ሚሊ ግራም በ10 ደቂቃ ጀመርንለት። መሃል ላይ ግንባሩ በላብ ራሰ፣ ቃሉ ተሳሰረ። ከዚያ በኋላ መድኃኒት አይጠበቅም። በማደንዘዣ አስተኝተን ደረቱን በሾክ ማሽን በ100 ጁል ኤሌክትሪክ መታነው። ሲነቃ «ማነው የመታኝ?» አለ።

ሾክ ማሽኑ ላይ «ሲንክ» የሚለውን ቁልፍ (ሾኩን ከልብ ምቱ ጋር የሚያገጣጥመውን) መቼ ልጫን?

ፐልስ (የደም ሥር ትርታ) ካለው ትጫኚዋለሽ። ፐልስ ከሌለውና ሞኒተሩ ቪኤፍ (ልብ መምታት ትቶ የሚንቀጠቀጥበት) ወይም ቪቲ ካሳየ አትጫኚው፤ ደረት እየተጫናችሁ ቶሎ ሾክ ስጡ። ብዙ ማሽኖች ከአንድ ሾክ በኋላ ሲንኩን ራሳቸው ያጠፉታል። ሁለተኛ ስትደግሚ እንደገና መጫን እንዳትረሺ። የደሙ ፖታሲየምና ማግኒዚየምም ይታይ። ፖታሲየም ከ4 በታች ከሆነ ምቱ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል።

የረጋ ደም የሚያሟሟው መርፌ ከተሰጠ በኋላ ሞኒተሩ ሰፊ ምት በ80 አሳየ። ሁላችንም ደነገጥን።

ግፊቱ ደህና ከሆነ ተዉት። የተዘጋው ደም ሥር ሲከፈት ብዙ ጊዜ የሚመጣ ነው፣ በራሱ ይሄዳል።

እናቴ ልቧ አንዳንዴ ዘለል ይላል። ምት የሚያስተካክል መድኃኒት ለምን አይሰጣትም?

ድሮ ይሰጥ ነበር። ሃርት አታክ የነበረባቸው ሰዎች ላይ ፍሌካይናይድና ኤንካይናይድ ሲፈተኑ ዝላዩ ቀነሰ፣ የሚሞተው ሰው ግን በዛ። እ.ኤ.አ. 1989 ላይ የሁለቱ ሙከራ ተቋረጠ። ለእኔ በሕክምና ውስጥ እንደዚህ ያስደነገጠኝ ታሪክ የለም፤ ወረቀቱ አማረ፣ ሰውየው ሞተ። ስለዚህ ቤታ ብሎከሯን (ሜቶፕሮሎልን የመሰለውን መድኃኒት) በሰዓቱ ትዋጥ።

ደረት ውስጥ የሚቀበረው፣ ምቱ ሲበላሽ ራሱ ሾክ የሚሰጠው ማሽንስ?

ገና በመጀመሪያው ሳምንት አይወሰንም። መድኃኒቱን በደንብ እየወሰደ ከ40 ቀን በኋላ ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ይደገማል። የልቡ የመግፋት አቅም 35 በመቶ ወይም በታች ከሆነ ከልብ ስፔሻሊስት ጋር ይነጋገሩ። ዋጋው የሚቀመስ አይደለም።

ቡናና ጫትስ?

ጫት ይቅር፣ ድርድር የለውም፤ ልብን ያፈጥናል፣ ደም ሥርን ያጠባል። ቡና ላይ ያን ያህል ጨካኝ አይደለሁም። ልብዎ ካልረበሸዎት አቦልና ቶና ይጠጡ፣ በረካውን ለጎረቤት ይተዉ።

ቤት ውስጥ ልቡ ድንገት ቢፈጥንበት ምን ላድርግ?

ራሱን ከሳተ፣ ደረቱን ካመመው ወይም ትንፋሽ ካጠረው ሐኪም ቤት እንጂ ጠበል ወይም ፋርማሲ አይቅደም። እሱ ራሱ እንዳይነዳ። ከሆስፒታል ሲወጣ የተሰጠውን ኢሲጂ ዛሬውኑ በስልክዎ ፎቶ ያንሱት። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ተረኛው ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቅዎት እሱን ነው።