ኢንተርን ለምታሠለጥኑ ወጣት ሬዚደንቶች

ውድ ወጣት ሐኪሞች፣

ሬዚደንሲ (የስፔሻሊቲ ሥልጠና) የጀመራችሁ ዕለት መምህርነትም ጀምራችኋል። ሌሊት ኢንተርኑ (የመጨረሻ ዓመት የሕክምና ተማሪው) ከጎኑ የሚያገኘው ፕሮፌሰሩን ሳይሆን እናንተን ነው። ስለዚህ ሥራውን ስታዩ ምን፣ መቼና የት እንደምትነግሩት ልጻፍላችሁ።

በዎርዶቻችን ግብረ መልስ በሁለት መንገድ ይበላሻል። አንዱ በሞርኒንግ ሴሽን (በጠዋቱ የሐኪሞች ስብሰባ) ሰው ሁሉ ፊት መገሠጽ ነው። የተዋረደ ኢንተርን ከሕክምናው ይልቅ መሸሸግን ይማራል። "አልለካሁም" ማለት የሚያሰድበው ከሆነ፣ በሚቀጥለው ጊዜ የታካሚውን ሙቀት ሳይለካ 36.8 ብሎ ይጽፋል፤ ሌላው ሐኪም ደግሞ በዚያ ቁጥር ሕክምና ይወስናል። ሁለተኛው ይሉኝታ ነው። "ጎበዝ፣ በርቺ፣ ትንሽ አንብቢ" ብለን እንሸኛታለን። ምኑን ታንብብ? ጃክ ኤንዴ የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተሙት ጽሑፍ ይህንኑ ነበር ያስጠነቀቁት፤ መምህሩ ላለማስከፋት ሲል ነገሩን ሲያለዝብ ሲያለዝብ ሊናገረው የነበረው ጉዳይ ራሱ ይጠፋል።

ከሁሉ በፊት በዓይናችሁ እዩ። አብዛኛውን ጊዜ የምንገመግመው ኢንተርኑ ኬዝ ሲያቀርብ የሰማነውን እንጂ አልጋው አጠገብ የሠራውን አይደለም። "ዛሬ ምኑን ልይልህ?" ብላችሁ ጠይቁት፤ ከዚያ ለ10 ወይም ለ15 ደቂቃ ሳታቋርጡ ተመልከቱ፣ ያያችሁትንም በወረቀት ያዙ። አዋላጇ ወይም ነርሷ ስለ እሱ የነገረቻችሁ ነገር ካለ "እንዲህ ይሉሃል" አትበሉት። ሄዳችሁ ራሳችሁ እዩ።

አንዲት ኢንተርን በማዋለጃ ክፍል ያልተነፈሰ ሕፃን በአምቡ ባግ (በእጅ እየተጨመቀ አየር በሚሰጥ ከረጢት) እየረዳች ነው እንበል። "ተረጋጊ፣ ትፈሪያለሽ" ማለት ምንም አያስተምራትም። የሚጠቅማት እንዲህ ያለ ነው፦ "ማስኩ አገጩ ላይ በደንብ አልገጠመም፣ አየሩ በጎን ሲወጣ ይሰማ ነበር፤ ስለዚህ ደረቱ አልተነሣም። አንቺ ግን ማስኩን ሳታስተካክዪ ፍጥነት ጨመርሽ። ደረቱ ካልተነሣ መጀመሪያ ማስኩን እንደገና አስቀምጪ፣ የጭንቅላቱን አቀማመጥ አስተካክዪ፤ አፉና አፍንጫው ውስጥ ፈሳሽ ካለ አጽጂ፣ አፉንም ትንሽ ክፈቺ። ደረቱ ሲነሣ በደቂቃ ከ40 እስከ 60 ጊዜ ቀጥዪ።" ያየሁት ይህ ነው፣ ያስከተለው ይህ ነው፣ በሚቀጥለው ጊዜ ይህን አድርጊ፤ ሦስቱም አሉበት። የመለማመጃ አሻንጉሊት ካለ ወዲያው አብራችሁ ድገሙት።

ሕፃኑ አደጋ ላይ እያለ ግን ማስተማር የለም። "ልያዘው" በሉና ተረከቡ። ንግግሩ የሚመጣው ሕፃኑ ከተረጋጋ፣ ለእናትየውም ከተነገራት በኋላ ነው። እናት ወይም አስታማሚ ፊት አትናገሩ፤ ሐኪሟ ስትወቀስ የሰማች እናት ነገ የዚያችን ሐኪም መድኃኒት ለመቀበል ታመነታለች። የዲዩቲ ክፍሉን (የተረኞች ማረፊያውን) በር ዘግታችሁ 5 ደቂቃ ብትቀመጡ ይበቃል። በዚያው ቀን ይሁን፤ ሌሊቱን ሙሉ ስትሠራ ያደረች ከሆነች ግን ተኝታ ትምጣ፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው ወቀሳውን እንጂ ማስተካከያውን አይሰማም።

"አንቺ እንዴት አየሽው?" ብላችሁ ጀምሩ። ግማሹን ራሷ ትነግራችኋለች፤ የእናንተ ድርሻ ቀሪው ግማሽ ነው። ከባድ ነገር ካያችሁ ግን በጥያቄ አታድክሟት፣ በቀጥታ ንገሯት። ወቀሳን በሁለት ምስጋና መሸፈን ብዙ ቦታ ይመከራል፤ እኔ አልወደውም። ሰሚው "ግን" የምትለዋን ስለሚጠብቅ ምስጋናውን አያምነውም። ምስጋናውም ራሱን ችሎ በልኩ ይነገር፦ "ሕፃኑን ወዲያው አደረቅሽው፣ ብቻሽን ሳትቆዪም እርዳታ ጠራሽ።"

ስለ ሥራው ተናገሩ እንጂ ስለ ጠባዩ አትፍረዱ። "ሰነፍ ነህ" ከማለት "ትናንትም ዛሬም ራውንድ (የታካሚዎች ጉብኝት) ከተጀመረ በኋላ ደረስክ፤ ምን አጋጠመህ?" ማለት ይሻላል። ላቦራቶሪ ውጤት ሲጠብቅ ቆይቶ ሊሆን ይችላል።

በአንድ ጊዜ ከሁለት ነጥብ አትለፉ። "ገባሽ?" ብትሉ መልሱ አንገት ደፍቶ "እሺ ዶክተር" ነው፤ የገባትንም ያልገባትንም ያው ነው የምትለው። "የተስማማነውን በራስሽ አባባል ንገሪኝ" በሏት። ቀጥሎ የምታዩበትን ቀን ቁረጡ፣ በቀኑም ተገኙ። ካልተገኛችሁ የነገራችኋት ሁሉ ወቀሳ ሆኖ ይቀራል። በአታችመንቱ (ኢንተርኑ በአንድ ክፍል በሚሠለጥንበት ጊዜ) መጨረሻ በሚሞላው የግምገማ ቅጽ ላይ ደግሞ ለኢንተርኑ አዲስ የሆነ ጉድለት መኖር የለበትም፤ አጋማሹ ላይ፣ ለማስተካከል ጊዜ ሳለ ሊነገረው ይገባል።

እናንተም ጠይቋቸው። "ስለ አስተማሪነቴ ምን ትላለህ?" ብትሉ "ምንም አይል ዶክተር" ነው መልሱ። ጥያቄውን አጥብቡት፦ "ትናንት ሌሊት ስትደውልልኝ የሰጠሁህ መልስ ለመወሰን በቅቶሃል? ምን ጎደለው?" ለእንዲህ ያለው ጥያቄ ኢንተርኑ መልስ አለው።